ሁለተኛውን ዓይን ፍለጋ

የመጀመሪያው ምልክት የጠፋ ጫማ ነበር። ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት በግራ ብብቴ ሸጉጬ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ አመራሁ። ባጃጁ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ አወረደኝ። ከዚያ እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ዝናብ ሲጀምር ጭቃው አያስኬድም፤ ቢሆንም ሃያ ዓመት የተመላለስኩበት ስለሆነ ብዙም አይቼው አልሄድም። ባለቤቴ እናኑ በር ላይ ቆማ ነበር። ወደ እግሬ አየችና፣ «የግራ ጫማህን የት ጥለኸው ነው?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። «እግሬ ላይ ነው እንጂ የት ይሆናል» አልኳት። እግሬ ላይ አልነበረም። ግማሹን መንገድ በካልሲ መጥቻለሁ።

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ከንፈሬ በግራ በኩል ወርዶ ነበር። ወረቀቶቹ ከብብቴ ወደቁ። ላነሳቸው ጎንበስ አልሁ። ግራ እጄ አልታዘዘም። ከዚያ እኔም ወደቅሁ።

እናኑ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ነገር ማጓተት አትወድም። ጎረቤት እስኪሰበሰብና ምክር እስኪያዋጣ አልጠበቀችም፤ ባጃጅ አስቁማ ሆስፒታል አደረሰችኝ። የደም ግፊቴ ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ ነበር። ተረኛው ወጣት ሐኪም እጄን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። እጄ ወደቀ። «ስትሮክ ነው» አለ። «ከጀመረ ስንት ሰዓት ሆነው?» ማንም አላወቀም። ጫማዬ የት ላይ እንደ ወለቀ እንኳ የሚያውቅ የለም። በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ተወሰድሁ፤ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። የደም ሥር ተዘግቷል እንጂ ደም አልፈሰሰም አሉ። ቦታው በቀኝ በኩል፣ ፓራይታል የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ኢስኬሚክ ስትሮክ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ከዓመት በፊት ግፊት እንዳለብኝ ተነግሮኝ አምሎዲፒን ታዝዞልኝ ነበር። አምስት ወር ዋጥሁት። ራስ ምታቱ ሲተወኝ ዳንሁ ብዬ ተውሁት። እናኑ በየማታው ስትጠይቀኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ እኮ። ልብንና የደም ሥርን በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ እየሳልሁ ስንቱን ልጅ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው፣ አሁን በዚህ ሰዓት ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ትቶ «ደኅና ነኝ» የሚል እንደኔ ያለ ሰው ይኖራል ብዬ ነው።

ሞት አለፈኝ። እግሬ በሦስተኛው ሳምንት በከዘራ መራመድ ጀመረ፤ እጄም እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ ማንሳት ቻለ። ጠያቂ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፈልህ» ብሎኝ ሄደ። እኔም አምኜ ተቀመጥሁ። ዋናው ሕመሜ ግን ገና ቤት ውስጥ ነበር፤ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በቤታችን ጠብ በዛ። እናኑ ትሪ ታቀርባለች፤ እበላለሁ፤ ሲያልቅ «ዛሬም ወጡን አሳነስሽው» እላታለሁ። እሷ ትሪውን ታዞረዋለች። ወዲያው ሙሉ እንጀራ ከነወጡ ፊቴ ይቀመጣል። «እንዲህ ነው እንጂ ማብላት» ብዬ እቀጥላለሁ። የቀረበልኝ አንድ ትሪ መሆኑን፣ የግራውን ግማሽ ሳልነካው እንደምተወው አላውቅም። ጢሜን ስላጭ በግራ በኩል እንዳለ ይቀራል፤ ሲነግሩኝ መስታወቱን እወቅሳለሁ። ከግራዬ የተቀመጠ እንግዳ ሲያናግረኝ ለቀኙ ሰው እመልሳለሁ። የበር መቃን በግራ ትከሻዬ እየገጨሁ ማን በሩን አጠበበው ብዬ እቆጣለሁ። ያን ጊዜ በእውነት ቤተሰቤ ሊያሳብደኝ የተማከረ ይመስለኝ ነበር። እናኑን የተናገርኋትን አንዳንድ ቃል ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

የሕመሙን ስም የነገረችን ሰሚራ ናት። ሰሚራ ከጅማ መጥታ እዚህ ሆስፒታል የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቁጣ የማያስደነግጣት ልጅ። አንድ ነጭ ወረቀት ላይ ብዙ አጫጭር መስመሮች ሠርታ «ሁሉንም ይሰርዙልኝ» አለችኝ። ሰረዝሁና እስክሪብቶውን አስቀመጥሁ። «ጨረሱ?» «ጨረስሁ።» ወረቀቱን ለእናኑ አሳየቻት። የቀኙን ሁሉ ሰርዣለሁ፤ በግራ ያለው አንድም አልተነካ።

«ኔግሌክት ይባላል» አለች። «ዓይናቸው ደኅና ነው። ግራውን የረሳው አንጎላቸው ነው። የረሳውን ደግሞ መርሳቱን አያውቅም። ስለዚህ ቢነግሯቸውም አያምኑም።»

አላመንሁም። በሙያዬ የመጣ ስም ስለሆነ አንገቴን ነቀነቅሁ እንጂ ልቤ ውስጥ «ይቺ ልጅ ወረቀቱን አጣምማ ሰጥታኝ ነው» አልሁ።

መስከረም ላይ ርእሰ መምህራችን ሊጠይቀኝ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ የመጣበትን ነገር ለመናገር ረጅም ጊዜ ፈጀበት። በጥር ወር የሐኪሞች ቦርድ ፊት እንደምቀርብ ነገረኝ። ቦርዱ ማስተማር ይችላል ካለ በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ወደ ክፍል እመለሳለሁ፤ አይችልም ካለ በሕመም ጡረታ እወጣለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከማስተማር ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፤ ከማስተማር ሌላ የምወደውም የለም። ሰውየው ሲወጣ ግድግዳውን እያየሁ አለቀስሁ። እናኑ ከጎኔ ተቀመጠች። ከግራዬ ይሁን ከቀኜ አላስታውስም።

ሰሚራ በሳምንት ሁለት ቀን ታሠራኛለች፤ እኔ ግን መስመር መሰረዝ ሰለቸኝ፤ የሕፃን ሥራ ነው ብዬ አኮረፍሁ። አንድ ቀን እርሳሷን አስቀመጠችና እናኑን «ወረቀት ጠልተዋል። እየተራመዱ፣ እየቆሙ፣ አንድ ነገር ላይ ረጅም ጊዜ የሚያዩበት ቦታ እፈልጋለሁ» አለቻት። «በሌላ አገር ሐኪሞች ሙዚየም ሄደው ሥዕል እንዲያዩ የሚያዝዙላቸው ሕሙማን እንዳሉ አንብቤአለሁ።» እኔ ሳቅሁባት። ደብረ ታቦር ላይ የሥዕል ሙዚየም! እናኑ ግን አልሳቀችም። «አለ እንጂ» አለች።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና ተራራ በሚያወጣው በኩል፣ የኛ ደብር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ የኖረው ሥዕል ተነሣ። የጥንት ሠዓሊዎች በሸማ ላይ ሥለው ነው ግድግዳው ላይ የሚለጥፉት፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ተላጠ፤ ከፊሉ በእንጨት ክፈፍ ተወጥሮ በግቢው ውስጥ በተሠራች አንዲት የድንጋይ ቤት ተሰቀለ። በሩ ላይ «ሙዚየም» ተብሎ ተጽፏል። እኔ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላውቅም ነበር። ጎብኚ የሚገባበት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ታምሜ ግን ሌላ ችግር መጣ፤ መድኃኒቴን ከቁርስ ጋር ስለምወስድ ቅዳሴ ላይ ከደጅ እቆማለሁ። ሙዚየሙ በልቶም ይገባል።

ጠባቂው ቄስ ምናሉ ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው፣ ቁልፉን በአንገታቸው አስረው የሚዞሩ አባት። አንድ ረቡዕ ጧት እናኑ በክንዴ ይዛኝ ገባን። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን መጀመሪያ የሚያርፈው ፊት ለፊት ባለው ትልቅ ሥዕል ላይ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ። ቆምሁ። አየሁ። ደሜ ፈላ።

«አባ» አልኋቸው፣ «ይህን ማን ነው የሣለው?»

«ምነው ልጄ?»

«እንዴት እመቤታችንን ባንድ ዓይን ይሥላል? ደግሞ አንድ መልአክ ብቻ? ይህ ድፍረት ነው። እንዴት ዝም ብላችሁ ትሰቅሉታላችሁ?»

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁልጊዜ ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰማዕታትን የሚያሠቃይ ወታደር፣ እነዚህ በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ልጅ ሆነን አስቀድመን የምንማረው ይህን ነው፤ ማን ደግ ማን ክፉ እንደ ሆነ ዓይን ቆጥረን እንለያለን። ይህን ሕግ ሠዓሊ አይስተውም። ሰክሮም ቢሆን፣ አርጅቶም ቢሆን አይስተውም።

ቄስ ምናሉ ፊታቸው ተለወጠ። መጀመሪያ ተቆጡ። «ምን አልህ?» አሉኝ። ከዚያ እናኑን አዩ። እናኑ በዓይኗ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ቁጣቸው በረደ። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ሥዕሉ ሄዱ፤ ሥዕሉን ሳይነኩ የክፈፉን ጠርዝ በመቋሚያው ጫፍ መታ መታ አደረጉ።

«ይህን ድምፅ ፈልገው» አሉኝ።

ድምፁ ከሩቅ መጣ። ከግራ። አንገቴን አዞርሁ። ምንም። «አሁንም ዙር» አሉ። አዞርሁ። አንገቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ከብዶኝ ነበር። መቋሚያውን አየሁት። ከመቋሚያው አጠገብ ክንፍ። ክንፍ ያለው መልአክ፣ ሰይፍ የያዘ። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ መሐል ስመለስ ዓይን። ሁለተኛው ዓይኗ። እዚያው ነበረ።

ክው አልሁ።

እናኑን አላመንኋትም ነበር። ሰሚራን አላመንኋትም። መስታወቱን፣ ትሪውን፣ የበሩን መቃን ሁሉ ከሰስሁ። ያን ሠዓሊ ግን መክሰስ አልቻልሁም። ሠዓሊው እንዳልሳተ አውቃለሁ። እሱ ካልሳተ የሳትሁት እኔ ነኝ። መታመሜን ያወቅሁት ያን ቀን፣ በታመምሁ በአራተኛው ወር፣ እዚያች ቤት ውስጥ ቆሜ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። «እናኑ» አልኋት፣ «ትሪውን ስንት ጊዜ አዞርሽልኝ?» እሷም ተቀመጠችና ከታመምሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ሰሚራ ታሪኩን ስትሰማ ራሷ ለማየት በቀጣዩ ቅዳሜ አብራን መጣች። እሷ የኛን ሥዕል ሕግ አታውቅም ነበር፤ አስረዳኋት። እያንዳንዱን ምስል እየዞረች አየች፣ አንዱን ወታደር በጣቷ ከሩቅ አመለከተች፣ ሰይጣኑን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እኔ በወረቀት ስፈልገው የነበረውን እኒህ ሰዎች ከድሮ ሠርተውታል» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለዎት። ቤቱን ይዞራሉ፤ አንድ ዓይን ያላቸውን ይቆጥራሉ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የክፈፉን የግራ ጠርዝ ያግኙ። ጠርዙን ሳያገኙ ፊት ማየት የለም።»

ቄስ ምናሉ ትክክለኛውን ቁጥር ያውቃሉ፤ አሥራ አራት ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ሰባት ቆጠርሁ። አረጋዊው አባት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሲኦልን ሞላኸው። ጥቂት ሰው ማርልን እንጂ።»

እንዲህ ጀመርን። ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከቁርስና ከኪኒን በኋላ፣ እናኑ ከቢሮ አስፈቅዳ ወይም ጎረቤት አብሮኝ እንዲሄድ ለምና፣ በባጃጅ እስከ ደብሩ አቀበት፣ ከዚያ በከዘራ። ቄስ ምናሉ ወንበር ያወጡልኛል፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል ብዙ ጊዜ እሰጣለሁ። ያን ያህል ጊዜ አንድ ነገር ላይ ዓይኔን አሳርፌ አላውቅም ነበር። በጤናዬ ዘመን ሁሉን የማየው እየሮጥሁ ነው። አሁን የአንዱን ፈረስ ጌጥ ለማየት ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ሠዓሊውም ለካ ሩብ ሰዓት የሚያስቆም ጌጥ ሠርቶለታል፤ በልጓሙ ላይ ያሉት ጉብጉብ ነገሮች አንዱ እንኳ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም። ቀዩ ቀለም የተቀባው ማንም ቀና ብሎ በማያይበት ከፍታ ላይ ቢሆንም እጁ አልሰነፈም። ይህን ሳይ የራሴ የጥቁር ሰሌዳ ሥዕል ትዝ እያለኝ አፍር ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

ሕክምናውን ከሥዕሉ ጋር ላምታታ አልፈልግም። አምሎዲፒን፣ አስፕሪን፣ የስብ መቀነሻው ኪኒን አንድ ቀን አልተዘለሉም። ሰሚራ አንዳንዴ ከመግባቴ በፊትና ከወጣሁ በኋላ ግፊቴን ትለካለች፤ ብዙውን ጊዜ ስወጣ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሥዕሉ ይሁን ወንበሩ፣ ወይስ የቄስ ምናሉ ቀልድ፣ መለየት አልችልም፤ እሷም አልለየችውም። የማውቀው በነዚያ ቀናት እንቅልፌ ይሻል ነበር፤ ቤቴም ስገባ ሰው አልቆጣም። እናኑ ጎረቤቶቻችንን «የዛሬው የሙዚየም ቀን ነው፣ ዛሬ ብታናግሩት ይሻላል» ማለት ጀምራ ነበር።

ቁጥሩ ወረደ። ሃያ ዘጠኝ ሆነ፣ ሃያ ሁለት ሆነ፣ አሥራ ስድስት ሆነ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ደረቴን ነፍቼ «አሥራ ሦስት» አልሁ። ቄስ ምናሉ በጣታቸው ቆጥረው «አንዱን ሰይጣን አስማርኸው» አሉኝ። ሳቅን። ሰሚራ ግን ያን ሲነግሯት ሳቋ ቶሎ አለቀ። «መምህር፣ ሁለት ዓይን እንዳለው አይተው ነው ወይስ ይኖረዋል ብለው?» አለችኝ። ቅር አለኝ። በቀጣዩ ሳምንት አሥራ አራት ብዬ ተናገርሁ፣ ልክ ነበር፤ ድል አድርጌ ወጣሁ።

ከግቢው ወጥቼ መንገዱን ላቋርጥ አንድ እርምጃ ስወስድ እናኑ ጋቢዬን ጨምድዳ ወደ ኋላ ጎተተችኝ። ሚኒባስ ነበረ። ከግራ የመጣ። ጥሩንባ ነፍቷል፤ ሰምቻለሁ። ግን ከቀኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። የንፋሱ ግፊት ፊቴን መታኝ። እናኑ ለረጅም ጊዜ ጋቢዬን አልለቀቀችም።

ሰሚራ ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ለእኔም አስረዳችኝ። ቤቱን በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ሰይጣኑ ከመስኮቱ አጠገብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ወታደሮቹ ስንት እንደ ሆኑ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አላይም፤ አስታውሳለሁ። «ቦርዱ ዘንድ የሚያስታውሱት ነገር አይቀርብልዎትም» አለችኝ። «መንገዱም እንደዚያው ነው።» ተስፋዬ ተሟጠጠ። ሥዕሎቹን ቦታ እንዲያቀያይሩልኝ ቄስ ምናሉን ለመንሁ። አይሆንም አሉ፤ የሥዕል አቀማመጥ ሥርዓት አለው፤ ለአንድ በሽተኛ ተብሎ ስቅለት ከትንሣኤ በኋላ አይሰቀልም። ልክ ናቸው። የአንገታቸውን ቁልፍ ጨበጥ አድርገው፣ «ያልተሰቀለ ግን አለኝ» አሉ።

ከኋለኛው ክፍል አንድ ሣጥን ነበር። ውስጡ ክፈፍ ያልተገኘላቸው፣ እንደ ተጠቀለሉ የቀሩ የሥዕል ሸማዎች አሉ። ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር ቄስ ምናሉ ጓንት አጥልቀው አንዱን ብቻ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉልኛል፤ ምን እንደ ሆነ አይነግሩኝም። አንዳንዱ ጥጉ በእርጥበት ተበልቷል፤ አንዳንዱ ምን እንደ ሆነ እሳቸውም እርግጠኛ አይደሉም። በቃል የማውቀው ነገር የለም። የጠረጴዛውን የግራ ጠርዝ በእጄ ዳስሼ አገኛለሁ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እመጣለሁ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ግራ እመለሳለሁ። አድካሚ ነው። አንገቴ ያመኛል፤ ራሴ ይከብደኛል፤ አንድ ሥዕል አይቼ ስጨርስ ቀኑን ሙሉ ያረስሁ ያህል እዝላለሁ። ግን አየሁ። ሳላውቀው አየሁ።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ የተዘረጋው ሥዕል የአንድ ፈረሰኛ ሰማዕት ነበር፤ ደብዝዟል። እንደ ልማዴ ጠርዙን አገኘሁና ከላይ ወደ ታች ወረድሁ። በግራው ጥግ፣ ከፈረሱ ኮቴ በታች፣ ቀለሙ ሊጠፋ ምንም ባልቀረው ቦታ አንዲት ትንሽ ሰው በግንባሯ ተደፍታለች። ሥዕል ያሣለ ሰው ራሱን እንዲህ በግርጌ ተደፍቶ ማሣል የቆየ ልማድ ነው። ሹሩባዋ ይታያል፤ ከላይዋ የነበረው ስም ተፍቋል።

«አባ፣ እዚህ ግርጌ ሴት ተደፍታለች» አልኋቸው።

«የት?» አሉ። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ጎንበስ አሉ። 

«ከግድግዳው ከወረደ ጀምሮ ስጠቀልለውና ስዘረጋው ኖሬ አይቻት አላውቅም» አሉ። ወደ እኔ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ በግራ በኩል እኮ ናት።»

ያን ጊዜ ነው ራሴም ያስተዋልሁት። ያቺ ሴት ማን እንደ ነበረች፣ ምን ስለት ገብታ ያንን ሥዕል እንዳሣለች ማንም አያውቅም። እኔ ግን እግዚአብሔር ይማርሽ አልኋት፤ ከልቤ።

በጥር ቦርዱ ዘንድ ቀረብሁ። ሦስት ሐኪሞች ነበሩ። መስመር አሰረዙኝ፤ ሰዓት አሣሉኝ፤ ያልተዋወቅሁትን ጽሑፍ ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉ፤ በኮሪደሩ በወንበሮች መሐል አስኬዱኝ። እያንዳንዱን ነገር ከግራ ጠርዙ ጀመርሁ። ዝግ ያልሁ ነበርሁ፤ ላቤ ጀርባዬን አረጠበው። ከመስመሮቹ ሁለቱን ስቻለሁ። ሰብሳቢዋ ሐኪም ወረቀቴን ረጅም ጊዜ አየችው። «ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀዎትም» አለች። «ሲደክምዎት ይመለሳል። ምናልባትም ለዘለቄታው እንዲሁ ይቆያል። ግን ግራው እንደሚጠፋብዎት ያውቃሉ፤ ለመፈለግም ይዞራሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።» በግማሽ ክፍለ ጊዜ ወደ ማስተማር እንድመለስ ፈረሙ። መኪና እንዳልነዳ ከለከሉኝ፤ መኪና የለኝምና አልከበደኝም።

ምስጋናዬ ብዙ ነው። ጊዜ ሳታባክን ላደረሰችኝ፣ ትሪውን ስድቤን እየሰማች ላዞረችው ለእናኑ። የማታውቀውን ነገር ከመናቅ ይልቅ ጠይቃ መድኃኒት ላደረገችው ለሰሚራ። ለቄስ ምናሉ፣ ለሣጥናቸውም። ስማቸውን ሳይጽፉ ላለፉት ሠዓሊዎች፤ ሕጋቸውን ባይጠብቁ ኖሮ እኔ ዛሬም መስታወት ስከስስ እገኝ ነበር።

ለታመማችሁና ለምታስታምሙ የምለው ይህ ነው። ኪኒኑን አትተዉ። ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አፍ ሲተሳሰር ሰው እስኪሰበሰብ አትጠብቁ፤ ሂዱ፤ የጀመረበትንም ሰዓት ያዙ። የምታስታምሙት ሰው «አልታመምሁም» ሲል ግትር ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ሕመሙ ራሱ እንዲህ ያናግረዋልና ታገሡት። አቅም ሲያገኝ ደግሞ ሥዕል ወዳለበት ውሰዱት። ትልቅ ከተማ ባይኖር፣ ትልቅ አዳራሽ ባይኖር ግድ የለም። ወንበር ይኑር፤ አትቸኩሉበት፤ ምን አየህ ብላችሁ ጠይቁት፤ ያላየውን ፈጥናችሁ አትንገሩት። ሥዕል አይቶ ሁሉም ይድናል አልልም፤ እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የካቲት ላይ ክፍል በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አርባ ደቂቃውን ሙሉ ደኅና አስተማርሁ። ጠርዙን እያገኘሁ፣ እየዞርሁ። ደወል ሲደወል ግን ተማሪዎቹ አልተነሡም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። አንገቴን አዞርሁ፤ በግራ በኩል፣ ግድግዳው ጥግ፣ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታለች። እጇ ከመድከሙ የተነሣ በሌላው እጇ ደግፋዋለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅሁም። የዱሮው እኔ ብሆን «አይቼሻለሁ፣ ትምህርቱን ልጨርስ ብዬ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። ጠመኔውን አስቀመጥሁ። «እጅሽን አላየሁትም» አልኋት። «ከታመምሁ ወዲህ በግራዬ ያለውን እስታለሁ። እዚያ በኩል የተቀመጣችሁ እጅ አታውጡ፤ በስሜ ጥሩኝ።» 

«እሺ፣ ጥያቄሽ ምን ነበር?» አልኋት።

እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

«ጥያቄ አይደለም፣ መምህር» አለች። «ተሻለዎት ወይ ልልዎት ነበር።»